ጫጩት ያቀፈው ሸለምጥማጥ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» ልትሉኝ አፋችሁን እንዳትከፍቱ። የዛሬው የላም አይደለም፤ የዶሮ ነው። «የዶሮ ቆጥ» በሉኝ። አላችሁ? ደግ። በሩን ዝጉና ተጠጉ፣ የማወራው ስለ ብርድ ነው።

ድሮ ድሮ፣ ስሟ የጠፋብኝ አንዲት ብርዳም አገር ነበረች። በልግ በገባ ቁጥር በረዶ ጣሪያ ይደበድባል፣ ጉም ያለ ጥሪ ቤት ገብቶ ይቀመጣል። ውሻ እንኳ ሌባ ሲያይ ወጥቶ ከመጮኽ ምድጃ ሥር ተኝቶ ማጉረምረም ይቀለው ነበር። በዚያች አገር ማንጠግቦሽ የምትባል አንዲት ሴት ትኖር ነበር። ማንጠግቦሽ አንዲት ልጅ አለቻት። ልጅቱን ባለጸጎች አጭተዋት፣ አማቾቹ «ለፋሲካ መጥተን ቤታችሁን እናያለን» ብለው ልከዋል። ቤት እናያለን ማለት ወጥ እንቀምሳለን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም።

ማንጠግቦሽ ለዚህ ቀን ያሰበቻቸው ዘጠኝ ጫጩቶች ነበሯት። እናታቸውን ፈልፍላቸው ብዙ ሳትቆይ የጎረቤት ውሻ ስለበላት፣ ያደጉት ምድጃ ዳር በቅርጫት ነው። ዘጠኙም አውራ ሆነው ቁጭ አሉ። የሚያውቁት ሥራ መብላት ብቻ ነው። ከመብላታቸው ብዛት ሥጋቸው ላባቸውን ቀደመው፤ ሆዳቸው ተነፋ፣ ጀርባቸው ግን ራቁቱን ቀረ። ከቤት ወጥተው ስለማያውቁ ጣሪያው ሰማይ፣ ጢሱ ደመና፣ ምድጃው ፀሐይ ይመስላቸዋል። ሊጥ ውስጥ ይዋኛሉ። የነጠላዋን ጥለት ትል ነው ብለው ይመዛሉ። የኩሳቸውን ነገር ባናነሣው ይሻላል።

አማች ሊመጣ ነውና ቤቱ መለቅለቅ አለበት፣ ጠላው መጠንሰስ አለበት። ስለዚህ ማንጠግቦሽ በነጋ በጠባ መጥረጊያዋን ይዛ ትቆምና «ባወጣቸው ብርድ፣ ባስቀራቸው ኩስ፤ ምን ይሻለኛል?» ትላለች።

ይህን የሚሰማ አንድ ጆሮ ከግድግዳው ጀርባ ነበረ። የአያ ሸለምጥማጥ ጆሮ።

አያ ሸለምጥማጥን አታውቁት እንደሆነ ልንገራችሁ። ቁመቱ የድመት፣ ልቡ የሽፍታ፣ ሆዱ የጅብ ነው። ከሁሉም የሚኮራበት ግን ጅራቱ ነው፤ ረጅም፣ ወፍራም፣ ዘጠኝ ጥቁር ቀለበት ያለው ጅራት። ጠዋት ጠዋት ፊቱን ሳይታጠብ ጅራቱን ያበጥራል። ከአያቱ የወረሰው አንድ አባባልም ነበረው፤ ምግብ ባየ ቁጥር «ዛሬ ጉርሻ፣ ነገ ምሳ፣ ከነገ ወዲያ ድግስ» ይላል። አያቱ ይህንኑ እያለ ነው በረሃብ የሞተው። እሱን ግን አያነሣውም።

አንድ ቀን አያ ሸለምጥማጥ አሮጌ ነጠላ ጠመጠመ፣ የበግ ለምድ ደረበ፣ መቋሚያ የሚመስል እንጨት ያዘና ከማንጠግቦሽ ደጅ ቆመ።

«ቤቶች፣ እንደምን ዋላችሁ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ አባ። ከየት ነው የመጡት?»

«ከሩቅ ነው። የዶሮ መድኃኒት አዋቂ ነኝ። ጫጩቶችዎ ላባ አላወጡም ቢሉኝ ጊዜ መጣሁ።»

«ማን ነገረዎት?»

«ሽታቸው» አለና ምራቁን ዋጠ። «ይስሙኝ እመቤቴ፣ ላባ ማለት ጋቢ ነው። ምድጃ ዳር የተቀመጠ ሰው ጋቢ አምጡልኝ ይላል? አይልም። ብርድ ሲነካው ነው የሚለው። ዶሮም እንደዚሁ ናት። ያውጧቸው፣ ብርድ ይንካቸው፣ ላባው ራሱ ይመጣል።»

ማንጠግቦሽ ነገሩ ግማሽ እውነት እንደሆነ ታውቃለች፤ ዶሮ ቀስ በቀስ ብርድ ካልለመደ አይጠነክርም። የቀረውን ግማሽ ለማወቅ ዓይኗን ከጥምጣሙ ወደ ለምዱ፣ ከለምዱ ወደ ኋላው አሳለፈች። እዚያ ኋላው ላይ ዓይኗ ትንሽ ቆየ። አያ ሸለምጥማጥ ግን በመቋሚያው ተደግፎ ሽታ እያሸተተ ነበርና አላየም።

«ምክርዎ መልካም ነው፣ አባ። ውጭ ባወጣቸው ግን ማን ይጠብቅልኛል? ጭልፊት አለ፣ ቀበሮ አለ፣ ሸለምጥማጥ አለ።»

«ሸለምጥማጥ እንኳ ዘሩ ጠፍቷል ይባላል» አለ አያ ሸለምጥማጥ እየተቅለሰለሰ። «ደግሞ እኔ ምን ልሠራ ነው? እጠብቅልዎታለሁ። ለጽድቅ ነው።»

«እንዲያው በጾሙ ሥጋ ቢያምርዎትስ?»

«ሥጋ? እኔ? እመቤቴ፣ በዐቢይ ጾም ሥጋ የሚባለውን ስም ስሰማ ራሴን ያዞረኛል።» እውነትም አዙሮት ነበር፤ ከጧት ጀምሮ አልበላም።

«እንግዲያው ዋስ ይጥሩ» አለች ማንጠግቦሽ። «የሰው ሀብት የሚረከብ ዋስ ይጠራል።»

አያ ሸለምጥማጥ አሰበ። ቀበሮን ቢጠራ ቀበሮ ራሱ ዋስ ያስፈልገዋል። ጅብን ቢጠራ ከጫጩቶቹ ጋር ዋስ ተቀባይዋንም ይበላታል። «ዋስ የለኝም። መናኝ ነኝ፣ ዘመድ አልወድም» አለ።

«ዋስ የሌለው በቁራኛ ይታሰራል። የአገሩ ወግ ነው።»

«ምኔን ሊያስሩት?»

«ያንን ነዋ» አለች በጣቷ ወደ ኋላው እያመለከተች። «ያንን የሚጎተተውን መቀነትዎን።»

አያ ሸለምጥማጥ ዘወር ብሎ ጅራቱን አየው። ለምዱ አጥሮ ኖሯል። «አዎ፣ መቀነቴ» አለ ቶሎ ብሎ። «ጥሩ መቀነት ነው።»

«ዘጠኝ ቀለበት አለው። እኔም ዘጠኝ ጫጩት አለኝ። አንድ ጫጩት ቢጎድል ከመቀነቱ አንድ ቀለበት እቆርጣለሁ። ተስማማን?»

 አያ ሸለምጥማጥ ጅራቱ ተቆርጦ ታየውና ዓይኑን ጨፈነ። ወዲያው ደግሞ ዘጠኙ ጫጩቶች መጡበት፣ ዓይኑን ገለጠ። የሚታሰረው በጠፍር ነው፤ ጠፍር ደግሞ ለሸለምጥማጥ ጥርስ ምን አላት? ዘጠኙን ባንድ ጊዜ በልቶ፣ ጠፍሩን በጥሶ፣ ጅራቱን ይዞ አገር መቀየር ነው። «ተስማማን» አለ። የምን ጅል ሴት ናት አለ በልቡ።

በማግሥቱ ፀሐይዋ ጉሙን ገፋ አድርጋ ስትወጣ ማንጠግቦሽ ሥራ ጀመረች። ጓሮ የተጣለውን አሮጌ ጎተራ አጋደመች። አፉን ከነፋስ አዞረች፣ ታቹን አመድ ነሰነሰች፣ በላዩ ደረቅ ጭድ ጎዘጎዘች፣ ዙሪያውን በእሾህ አጠረች። የአያ ሸለምጥማጥን ጅራት በጠፍር አሥራ ጫፉን ከአጥሩ እንጨት ጋር ቋጠረች። ከዚያ ዘጠኙን በቅርጫት ተሸክማ አወጣችና ሣሩ ላይ ዘረገፈቻቸው።

ጫጩቶቹ ወደ ላይ አዩ።

«ጣሪያውን ማን ወሰደው?» አለ አንዱ።

«ጢሱ ምነው ሰማያዊ ሆነ?» አለ ሌላው።

ሣሩ ጤዛ ነበረው። ጤዛው ሲነካቸው ሁሉም አንድ እግራቸውን አነሡ። የቀረው እግር ሲበርደው እሱንም አነሡት። ሁለቱን እግሩን ባንዴ ያነሣ ዶሮ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ ዘጠኙም በሆዳቸው ዱብ ዱብ አሉ። ከመካከላቸው አንገተ ራቁቱ፣ ልምጭ የሚሉት ቀጭኑ፣ እንደ ወደቀ መሬቱን በመንቁሩ ነካ ነካ አድርጎ «ይህ መሬት ታሟል፤ ብርድ ብርድ ይለዋል» አለ። ልምጭ የቀጠነው ምግብ ጠፍቶ አይደለም። ሌሎቹ ሲበሉ እሱ ያወራል። በየቤቱ እንዲህ ያለ አይጠፋም፤ ማን እንደሆነ ስም አልጠራም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነፋሱ ተነሣ፣ በረዶው ተከተለ። ዘጠኙ ጎተራው ውስጥ ገብተው ተከማቹ። አያ ሸለምጥማጥ ሰዓቱ ደረሰ ብሎ ጥምጣሙን ወርውሮ፣ ከንፈሩን ልሶ፣ በጎተራው አፍ ሹልክ ብሎ ገባ። መጀመሪያ ያገኘውን ልምጭን ከአንገቱ በታች አፉ ውስጥ ከተተው።

ልምጭ አልጮኸም። ጭንቅላቱን በሸለምጥማጥ ጥርስ መካከል አውጥቶ «ልጆች፣ እዚህ ውስጥ ይሞቃል» አለ።

«የት?»

«አፍ ውስጥ። እማዬ ናት መሰለኝ። ጠጉር አላት።»

«እማዬ መጣች» ተባለና ስምንቱ ተነሡ። ከሆዱ ሥር፣ ከብብቱ፣ ከእግሩ መካከል እየተጋፉ ገቡ። ያልደረሳቸው ደግሞ አፉ ፊት ተሰለፉ። «ልምጭ በቃህ ውጣ፣ ተራው የኔ ነው» ይሉ ጀመር።

አያ ሸለምጥማጥ ግራ ገባው። ከተወለደ ጀምሮ ሊበላው ያሰበው ምግብ ሲሸሸው እንጂ ተሰልፎ ሲጠብቀው አይቶ አያውቅም። ልምጭን ተፋና ሌላውን በእጁ ዳሰስ አደረገ። የጫጩቱ ሆድ ሞልቷል፣ ጭኑ ግን ገና ነው። ያ የአያቱ አባባል ወደ አፉ መጣ። «ዛሬ ጉርሻ፣ ነገ ምሳ፣ ከነገ ወዲያ ድግስ። ትንሽ ይክረሙ። እስከዚያ ግን ብርዱ ከገደላቸው ምኑን እበላለሁ?» አለና ክንድና ክንዱን ዘርግቶ ላያቸው ላይ ተኛ። ለካ እሱም በርዶት ኖሯል። በዚያች አገር ሸለምጥማጥን አቅፎ የሚያሞቅ ማንም አልነበረም። ያን ሌሊት እንደዚያ ያለ እንቅልፍ ተኛ።

ጧት ማንጠግቦሽ መጥታ በጎተራው አፍ አጎነበሰች። ዘጠኝ ጭንቅላት ከለምዱ ሥር ብቅ ብቅ አሉ።

«እንዴት አደሩ፣ አባ?»

«እያገለገልኩ» አለ አያ ሸለምጥማጥ እያዛጋ።

«እግዜር ይስጥልኝ።» ለጫጩቶቹ የተፈጨ እህል በተነች። ለሱ በጣባ ሽሮ ሰጠችው። «ጾም ነው ብለውኛልና ቅቤ የለበትም። ተልባም አለ።»

ሽሮ የበላ ሸለምጥማጥ አይታችሁ አታውቁም። እኔም አላየሁም። ጢሙ ተጣበቀ፣ ሆዱ እንደ ከበሮ ጮኸ። ቢሆንም «ከነገ ወዲያ ድግስ» እያለ ጣባውን ላሰ።

እንዲህ እንዲህ እያለ ጾሙ ገፋ። ማንጠግቦሽ ቤቷን ለቀለቀች፣ ጠላዋን ጠነሰሰች፣ እንቅልፏን ጠገበች። ጫጩቶቹ ፀሐይ ሲወጣ ይወጣሉ፣ በረዶ ሲያስፈራራ ይገባሉ፣ ብርዱን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይለምዳሉ። ላባውም መጣ፤ መጀመሪያ በክንፍ፣ ቀጥሎ በጀርባ። የሚደክመው አያ ሸለምጥማጥ ነው።

«እማዬ፣ ወደ ቀኝ ዙሪልን፣ በዚህ በኩል ነፋስ ይገባል።»

ይዞራል።

«እማዬ፣ ጅራትሽን በሩ ላይ አድርጊልን።»

ያን ስንት ዘመን ያበጠረውን ጅራት ነፋስ መከለያ ያደርገዋል። «ይወፍሩ ብዬ ነው» ይላል ለራሱ። ፌንጣ ይይዝላቸዋል፤ ይወፍሩ ብሎ ነው። አመድ ውስጥ እንዴት እንደሚንከባለሉ እሱ ራሱ ተንከባልሎ ያሳያቸዋል፤ ቅማል የበላው ዶሮ አይወፍርማ። እነሱ እየወፈሩ እሱ እየከሳ ሄደ። ማታ ማታ ይዳስሳቸዋል፣ ማታ ማታ «ዛሬ ጉርሻ፣ ነገ ምሳ፣ ከነገ ወዲያ ድግስ» ይላል፣ ማታ ማታ አቅፏቸው ይተኛል።

አንድ ቀን ጭልፊት ከላይ ወረደ። ልምጭ እንደ ልማዱ ለአንድ ጥንዚዛ ወሬ እያወራ ነበርና አላየም። አያ ሸለምጥማጥ ጠፍሩ እስከፈቀደለት ዘሎ የጭልፊቱን እግር ያዘ። «የማንን ድግስ ነው የምትነካው?» ብሎ ላባውን አራገፈለት። ጭልፊት ግማሽ ራቁቱን ሆኖ ሸሸ፤ ሁለተኛ በዚያ ሰማይ አላለፈም። ዘጠኙ ጫጩቶች «የእኛ እማዬ እኮ ናት» እያሉ ሲጨፍሩ ዋሉ። አያ ሸለምጥማጥ ጆሮው ጋለ። ንዴት ነው ብሎ አሰበ፤ ደስታ እንደሆነ ቢነግሩትም አያምንም ነበር።

ይህን ሁሉ ቀበሮ ከአጥሩ ውጭ ሆኖ ሲያይ ቆይቶ አንድ ምሽት ጠጋ አለ። አያ ሸለምጥማጥ ዘጠኙን አቅፎ፣ አንዱ ጆሮው ላይ ተቀምጦበት ነበር።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ» አለ ቀበሮ።

«ተው፣ አትቀልድ።»

«ኧረ ምን ቀልድ አለው? አራስ ጥየቃ ነው የመጣሁት። ገንፎ ባላመጣም ይቅርታ።» ቀበሮ በአጥሩ ቀዳዳ አጮለቀና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጠፍሩን በጥሰህ አራቱን ለኔ፣ አምስቱን ላንተ አድርገን እንሂድ። ምን ትጠብቃለህ?»

«ገና ናቸው። ከነገ ወዲያ።»

«የሚያመልጥህ ጉርሻ ነው፣ የሚቀርህም ድግስ ነው» አለ ቀበሮ። ሄዶም ለአገሩ አውሬ ሁሉ አወራ። ከዚያ ወዲህ ጦጣዎች በዛፍ ሲያልፉ «እመጫት፣ እንዴት ሰነበትሽ?» እያሉ ያልፋሉ።

ይህ ወሬ አያ ሸለምጥማጥን አንገበገበው። በሽፍታነቱ የተፈራ ሰው እመጫት ተብሎ እንዴት ይኖራል? የቀዳም ስዑር ዕለት፣ ጎህ ሳይቀድ፣ ቆረጠ። «ድግሱ ዛሬ ነው» አለ። ጠፍሩን ሊበጥስ ነከሰው። ጨው ጨው አለው። ጾሙን ሙሉ ሽሮ ለዋለበት ምላስ ጨው ጨው ያለ የበሬ ቆዳ ምን እንደሚያደርግ ገምቱ፤ ሊበጥሰው ጀምሮ ከጫፍ እስከ ጫፍ በላው።

ከዚያ ጎተራው ውስጥ ገብቶ ቆመ። ጫጩት የሚባሉት አሁን ጉልበታም ዶሮዎች ሆነዋል። እንደ ልማዳቸው ከሆዱ ሥር ሲገቡ እግሩ ከመሬት ለቀቀ፤ ስምንት ዶሮ እንደ በቅሎ ተሸከመው። ልምጭ ብቻ እንደ ቀጠነ ነው።

«ልጆች፣ አውርዱኝ፣ የምነግራችሁ አለኝ» አለ። ድምፁ ተንቀጠቀጠ። «እኔ እናታችሁ አይደለሁም። ሸለምጥማጥ ነኝ። ያቀፍኳችሁ ልትወፍሩልኝ ነው። አሁን ልበላችሁ ነው።»

 ዶሮዎቹ ተያዩ።

«ምን ትላለች?»

«እየቃዠች ነው» አለ ልምጭ። «ብርድ መትቷታል። ስትንቀጠቀጥ አታዩም?»

«እንግዲያው እናሙቃት» አሉ።

ዘጠኙም ባንዴ ወጡበት። አንዱ ጭንቅላቱ ላይ፣ ሁለቱ ጀርባው ላይ፣ የቀሩት በየተገኘው ተቀመጡና ክንፋቸውን ዘረጉ። አያ ሸለምጥማጥ አፍንጫው ብቻ ውጭ ቀረ። ከሥር ሆኖ «ልበላችሁ ነው እኮ» ይላል፤ ከላይ «አይዞሽ እማዬ፣ ይለቅሻል» ይሉታል። ጎህ ሲቀድ ደግሞ ምን እንደነካቸው አይታወቅም፣ ልምጭ አንገቱን ዘርግቶ በሕይወቱ የመጀመሪያውን «ኩኩሉ» ለቀቀ። ስምንቱም ተከተሉ። ዘጠኝ አውራ ዶሮ በአንድ ጆሮ ውስጥ ሲጮኽ ሰማይ የወደቀ ይመስላል።

ማንጠግቦሽ ቢላዋዋን ስትስል ነበርና እሱንም እንደያዘች መጣች። ጎንበስ ብላ አየች።

«አባ፣ ምነው ዛሬ ከታች ሆኑ?»

«ተራዬ ደርሶ ነው» አለ አፍንጫው።

«ጠፍሩስ የት ሄደ?»

«በላሁት።»

«ከምን የተሠራ ነበር?»

«ከበሬ ቆዳ።»

«ይህን ሁሉ ጾመው፣ ለፋሲካ አንድ ቀን ሲቀረው ገደፉ?»

አያ ሸለምጥማጥ ከዶሮዎቹ ሥር ተሳበ። ያለ ጥምጣም፣ ያለ ለምድ፣ ክስት ብሎ ፊቷ ቆመ። «እመቤቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ። እኔ መናኝም አዋቂም አይደለሁም። ሸለምጥማጥ ነኝ።»

«ተው እንጂ» አለች ማንጠግቦሽ።

«እውነቴን ነው።»

«ታዲያ መቀነትህስ?»

«ጅራቴ ነው።»

«ይገርማል» አለችና አጥሩን ይዛ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ስትጨርስ ዶሮዎቹን ቆጠረች። «ዘጠኝ ናቸው፤ ጅራትህም ሙሉውን ያንተ ነው። ጠፍሩን ያሰርኩት ለአገር ወግ ነው እንጂ አንተን ሆድህ ሲያስርህ ነው የከረመው። ይኸው አማቾቼ ነገ ይገባሉ፣ እኔም አላፍርም። ደሞዝህን ይህን ልምጭ የሚሉትን ውሰድ፤ ወጥ ውስጥ ብጨምረው መረቁ ውስጥ ክር ወድቋል ይሉኛል። ነገ ደግሞ መጥተህ ብላ፤ ድግስ ድግስ ስትል የከረምክበት ድግስ ነው።»

ያን ቀን ምን እንደተደረገ ትናንሽ ልጆች ስላሉ አልዘረዝርም። ስምንቱ ዶሮዎች ወደ ቤት ገቡ፤ ምድጃቸውን አገኙት። አያ ሸለምጥማጥ ጎተራው በር ላይ ቁጭ ብሎ ዋለ። ሽሮ መጣለት፣ አልበላም። ጠፍሩ ሆዴን ከብዶኝ ነው አለ።

በፋሲካ ጧት አማቾቹ ተሰበሰቡ። የሙሽራው እናት ወጡን ቀመሰችና እጇን አቆመች። «በዚህ ብርድ ይህን የመሰለ ዶሮ ማን አሳደገው?» አለች።

«እሱ ነው» አለች ማንጠግቦሽ። አያ ሸለምጥማጥ ጅራቱን አበጥሮ ከትልቁ መደብ ላይ ተቀምጧል። ሰው ሁሉ ዘወር ብሎ አየው፣ ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁለት። ማንጠግቦሽ እጇን ታጥባ አንድ ትልቅ ጉርሻ ጠቀለለች፤ ከጭኑ፣ ከስቡ፣ ከቅቤው። «በሞቴ» ብላ አጎረሰችው።

በሞቴ የተባለ ጉርሻ አይመለስም። አያ ሸለምጥማጥ አፉን ዘጋ። ጣዕሙ ካሰበው ሁሉ ይበልጣል። ግን ይህን ጭን ያውቀዋል። በግራ ብብቱ በኩል የሚተኛው ነው፤ ሲተኛ የሚረግጠው እሱ ነበር። ሊውጥ ሞከረ፣ ጉሮሮው እምቢ አለ። እንደገና ሞከረ፣ እንደገና እምቢ አለ። ጉንጩን እንደነፋ እጅ ነሥቶ ወጣ።

ቀበሮ ካቡ ጥግ ይጠብቀው ነበር። «ድግሱ እንዴት ነው?» አለው።  አያ ሸለምጥማጥ ጉርሻውን ከጉንጩ አውጥቶ ሰጠው። ቀበሮ ተቀብሎ ሳያላምጥ ዋጠው፤ እሱ ማንንም አቅፎ አያውቅማ።

«ያም ቀጭኑ አለልህ» አለ ቀበሮ አፉን እየላሰ።

ልምጭ ከጎተራው ብቅ አለ። ጉም እየመጣ ነበር። ጠጋ ብሎ በባዶ አንገቱ ክንዱን ነካው። «እማዬ፣ ዛሬ ጎተራው ሰፋብኝ። ሁሉም የት ሄዱ? ይበርዳል።»

አያ ሸለምጥማጥ አየው። «ዛሬ ጉርሻ» ብሎ ጀመረና ነገሩ አፉ ውስጥ ቀረ። ቀበሮ ጆሮውን አቁሞ ይጠብቃል።

«ዛሬ ብርድ ነው» አለ አያ ሸለምጥማጥ፣ ክንዱንም አነሣ። «ግባ።»

ልምጭ ገባ። ገብቶም ወሬውን ጀመረ፤ እስከ ዛሬ አልጨረሰም ይባላል። በዚያች አገር አንድ ሸለምጥማጥ አውራ ዶሮ ሲጮኽ ተነሥቶ ጅራቱን ያበጥራል፣ ሰውም ሲያልፍ እያየው እንዲህ ይላል፦ ብብት ያሞቀውን ጉሮሮ አያሳልፈውም።

እንግዲህ ተረቴን መልሱልኝ። አፌን በዳቦ አብሱ አልላችሁም፣ ዳቦ ሰልችቶኛል። ከድስቱ አንድ እግር ተርፎ እንደሆነ ግን አምጡት፤ እኔ ማንንም አላቀፍኩም።